ለእትዬ ትርንጎ የሰጠሁት ስም

በዚያን ዕለት ጠዋት ቤታችን ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። እናቴ ነበረች፤ አባቴ ነበር፤ የንስሐ አባታችን ቄስ አድማሱ ነበሩ፤ ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ ነበሩ፤ አምስተኛዋ እኔ ነኝ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እትዬ ትርንጎ አልነበረችም። እሷ ሆስፒታል ተኝታ፣ ውኃ እንኳ እንዳትቀምስ ተከልክላ፣ አንገቷን ቀዶ ጥገና የሚያደርጉላትን ሐኪሞች ትጠብቅ ነበር። ከአምስታችን ዛሬ በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። የእሷን ግን አላውቅም። ይህን የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የበረኪና ሽታ ነው። ባለፈው ወር ልጄ ቶንሲሏን ልታስወጣ ሆስፒታል ወስጃት፣ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተራ ስንጠብቅ፣ አንዲት ሠራተኛ ወለሉን በበረኪና እየወለወለች መጣች። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ከጣና በኩል ዝናብ ያረጠበው ነፋስ ይገባል። ሁለቱ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ ያ ክረምት ትዝ አለኝ። በዚያው መካከል የንስሐ አባቴ ደውለው ለጸሎት የልጄን የክርስትና ስም ጠየቁኝ። ግራ ቀኝ አየሁ፤ ስልኩን በነጠላዬ ሸፈንሁና ቀስ ብዬ ነገርኋቸው።

ልጄ "እማዬ፣ ፓስወርድ ነው እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ።

በእኛ በኩል የድሮ ሰው የክርስትና ስሙን በአደባባይ አይናገርም። ለካህን ይነገራል፤ ለጸሎት፣ ለቁርባን፣ ለፍትሐት። ክፉ ሰው እጅ ከገባ መተት ይሠራበታል ብለው ይፈራሉ። እኔ ይህን አላምንም እላለሁ። ስልኩን ግን ሸፍኛለሁ።

እትዬ ትርንጎ የአባቴ የአጎቱ ልጅ ናት። በዚያ ዓመት ሰኔ ሲገባ ከጣና ማዶ፣ ከጎርጎራ በመርከብ መጣች። አባቴ ፋብሪካ የፈትል ክፍል ውስጥ ይሠራ ስለነበር ፈረቃውን ለውጦ፣ እኔን አስከትሎ ወደቡ ድረስ ሄደን ተቀበልናት። መርከቡ መንገድ ላይ አድሮ ነው የሚመጣ። ምድር ረግጣ ስትቆም እንኳ ገና ውኃ ላይ ያለች ይመስል ትወዛወዝ ነበር። ወበቅ ነው፤ እሷ ግን ነጠላዋን አንገቷ ላይ ሦስት ጊዜ ጠምጥማዋለች። ለምን አትፈታውም እያልሁ አያታለሁ።

ቤት ገብታ ስትፈታው አየሁ። እንቅርት ነው፤ ትልቅ ብርቱካን ያህላል። እንቅርት ያለበት ሰው ገበያ ላይ አይቻለሁ፤ እንዲህ አጠገቤ ተቀምጦ ሲበላና ሲስቅ ግን አይቼ አላውቅም። ስትውጥ ከፍ ዝቅ ይላል። አንድ ዕቃ ያስቀመጠችበት መሰለኝ።

ሐኪሞቹ አዩአትና ተራሽ ነሐሴ ነው አሏት። ስለዚህ ክረምቱን ከእኛ ጋር ሆነች። ከእኔ ጋር መደብ ላይ እንተኛለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ጸጉሬን ትሠራኛለች። እናቴ ስትሠራኝ አለቅሳለሁ፤ እጇ ከባድ ነው። እትዬ ትርንጎ ግን ጉማሬ ታንኳ ሲገለብጥ ያየችውን፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሲጣሉ የሰማችውን እያወራች ስትጎነጉን፣ አልቋል እስክትለኝ ድረስ መጀመሯንም አላውቅ። ክረምቱን ሁሉ ጣሪያችን ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ በዚያ ድምፅ ውስጥ የእሷን ድምፅ ለመስማት ራሴን ጉልበቷ ላይ አስጠጋለሁ። ልብሷ የደረቀ ዓሣና የሳሙና ሽታ ነበረው።

አባቴ ማብሸቅ ይወዳል። ፍልሰታ ሲቃረብ "ትርንጎ፣ እናንተ የጎርጎራ ሰዎች ዓሣን ከጎመን ትቆጥሩታላችሁ አሉ" ይላታል።

"እናንተ ደግሞ ባሕሩ ዳር ቁጭ ብላችሁ ሽሮ ትበላላችሁ። ማን ነው የሚያሳዝን?" ትለዋለች።

አንድ ቀን እናቴ ለቄስ አድማሱ ስሟን ለጸሎት ልትሰጥላት ፈልጋ የክርስትና ስሟን ጠየቀቻት። እትዬ ትርንጎ ጸጉሬን እየፈታች ነበር፤ ቀና ሳትል "ረሳሁት" አለች። ሰው የክርስትና ስሙን አይረሳም። እናቴ ታምነኛለች ብላ ስትጠብቅ እንዲህ ስለተባለች አኮረፈች፤ ሁለት ቀን ለሷ ራቷን ስታቀርብ ብይ ሳትላት ነው የምታስቀምጥላት። በኋላ አባቴ ነገሩን አስረዳት። ባሏ ትቷት ሌላ ሲያገባ፣ አንድ ሰው "የክርስትና ስምሽን አስጽፈው መተት አሠርተውብሻል" ብሏት ኖሯል። እንቅርቱም ከዚያ ወዲህ ነው የወጣ ትላለች። ሐኪሙ የጨው ነገር ነው ብሏታል። እሷ ግን ጨውም ሊሆን ይችላል፣ ስሙም ሊሆን ይችላል ብላ ሁለቱንም ትጠነቀቅ ነበር።

እማማ ዘይነባ ከባላቸው ጋር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የነበራቸው የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው። ይህን ከእናቴ ሲሰሙ "ስማችሁን ስትደብቁት ፈጣሪ የሚጠፋበት ይመስላችኋል?" አሏት።

"እሱስ አይጠፋበትም፤ ሰውን ነው የምንፈራው" አለች እናቴ።

"እንግዲያ ሰውን ፈርታችሁ ካህኑን ታስቸግራላችሁ ማለት ነው።"

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ምስር እየለቀምሁ ነበርሁ፤ በዚያች ቅጽበት ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። እትዬ ትርንጎ ስሟን ውጣዋለች። አንገቷ ላይ ተወትፎ ያበጠው እሱ ነው። ሐኪሞቹ ሲቀድዱት ስሙ ይወጣና እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል፤ የምትፈራውም ለዚህ ነው። ይህን ማንንም አልጠየቅሁም። በደንብ ያወቅሁት ስለመሰለኝ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ፍልሰታ ገባ። የሰፈራችን ልጆች ሁሉ ይጾማሉ፣ ይቆርባሉ። ቀትር ላይ ቤተ ክርስቲያን ገብተን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንወጣለን። ከቆረቡ በኋላ አፍን በነጠላ ሸፍኖ መሄድ ነው፤ መትፋት የለም፣ መሮጥ የለም፣ ወሬም የለም። ሌሎቹ ልጆች ከቅጥሩ ሲወጡ ማውራት ይጀምራሉ። እናቴ ግን በብርቱ አስጠንቅቃኝ ስለነበር እኔ ቤት ደርሼ እህል እስክቀምስ ቃል አይወጣኝም። ዝንብ እንዳይገባብኝ ጥርሴን ገጥሜ ነው የምሄደው። እትዬ ትርንጎ አትቆርብም፤ እኔን ልታደርስና ልትመልስ ትመጣለች።

ሆስፒታል ልትገባ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ከቅዳሴ ስንመለስ በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ወሰደችኝ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ውኃው ደፍርሶ የወተት ሻይ መስሏል። አንድ ሰውዬ ከታንኳው ላይ እንጨት እያወረደ ዳር ላይ ይከምራል። እሷ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ፊት ለፊቷ አቆመችኝ።

"አሁን መናገር አትችይም፣ አይደል?"

ራሴን ነቀነቅሁ።

"ደግ። እንግዲያ ስሚኝ ብቻ። አንገቴን ቀድደውኝ ካልነቃሁ ለፍትሐት ስሜን ይጠይቃሉ። አባትሽ አያውቀው። እናቴ የለችም፤ ያጠመቁኝ ቄስም የሉም። ስሜ ካልታወቀ ነፍሴን በምን ይጠሯታል? ለአንቺ እነግርሻለሁ። ስሞት ለቄስ አድማሱ ትነግሪያቸዋለሽ። ካልሞትሁ ለማንም። ለእናትሽም።"

ጎንበስ አለችና በጆሮዬ ነገረችኝ። ትንፋሿ ሞቃት ነበር። ስሙ አጭር ነው። አንዴ ብቻ ነው የነገረችኝ፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

"በማተብሽ?" አለችኝ።

ማተቤን ይዤ ራሴን ነቀነቅሁ። አፌ ላይ ቅዱስ ቁርባን ነበር። ከዚያ የከበደ መሐላ በዓለም ላይ ያለ አልመሰለኝም፤ ዛሬም አይመስለኝም። አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ ከመሞትሽ በፊት ቢጠይቁኝስ የሚል። ግን አፌ ተሸፍኗል። ቤት ደርሰን የበቆሎ እሸት በልቼ አፌ ሲፈታ፣ እሷ ከእናቴ ጋር ድንች እየላጠች ታወራለች። ጥያቄው እንዲሁ አለፈ።

ከዚያ በኋላ በነጋ በጠባ አንገቴን እዳስስ ጀመር። ስሙ ወደ እኔ ተዛውሯል፤ ስለዚህ የኔ ማበጥ አለበት። እናቴ "ምን ሆነሽ ነው አንገትሽን የምትይዥ?" ስትለኝ ትንኝ ነከሰኝ እላለሁ። የእትዬ ትርንጎ ለምን እንዳልጎደለ ግን አልገባኝም።

ወደዚያች ጠዋት ልመለስ። ቄስ አድማሱ ጃንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው ገቡና መስቀል አሳለሙን። ተራዋ ቀትር ላይ ነው ተብሏል፤ የቅዳሴ ሰዓት ነው። እማማ ዘይነባ አባቴ ይዞት የሚሄደውን ፔርሙዝ አምጥተው ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

"ቅዳሴው ላይ አስባታለሁ። ማን ልበል?" አሉ ቄስ አድማሱ።

አባቴ "ትርንጎ ይበሏት፣ አባ። እሱ ያውቃታል" አለ።

"እሱስ ያውቃታል። ወጉ ግን በተጠመቀችበት ነው።"

እናቴ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወደ እኔ ዞረች። "ይቺ ከሷ ጋር ነው የምታድር። ሳትነግራት አትቀርም።"

አራቱም አዩኝ። እኔ ያን ጊዜ ያሰብሁት እንዲህ ነው፤ ስሙ የሚነገረው ስትሞት ነው። ስለዚህ ከተነገረ ሞተች ማለት ነው። ገና ሐኪሞቹ ቢላቸውን ሳያነሡ እኔ በአፌ ልገድላት ነው። አላውቅም እንዳልል ደግሞ ያለ ጸሎት ትቀራለች። የምሸሽበት አጣሁ። የማውቀው ሌላ የክርስትና ስም አንድ ብቻ ነበር።

"ወለተ ሐና" አልሁ።

እናቴ ደነገጠች። "ያንቺ?"

"እንደኔው ናት። ሞክሼ ነን ብላኛለች።"

እናቴ እንባዋን ለቀቀችው። እንዲያ ቢሆን ነው እንዲህ የወደደችሽ አለች። ቄስ አድማሱ "ወለተ ሐና፣ ወለተ ሐና" እያሉ፣ እንዳይረሱት በከንፈራቸው እየደጋገሙ ወጡ። አባቴ ፔርሙዙን ይዞ ተከተላቸው። እማማ ዘይነባ ብቻ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ትንሽ አዩኝና ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

በቀትር ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ካህናቱ ስም በሚያነሡበት ጊዜ ስሜን የሰማሁ መሰለኝ፤ ሰምቼም ይሁን ፈርቼ አላውቅም። እናቴ አጠገቤ ሆና ግንባሯን መሬት እያስነካች ስለ ወለተ ሐና ትለምናለች። ሁሉም ነገር እኔ ላይ እየወረደ ነው። እኔ ጤነኛ ነኝ። ከሐይቁ ማዶ ሳይሆን እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ አንዲት ሴት አልጋ ላይ ተጋድማ፣ ማንም በስሟ አልለመነላትም። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ልጆቹ ለቁርባን ሲሰለፉ ሆዴን ቆረጠኝ ብዬ አምዱ ሥር ቀረሁ። ውሸት ተናግሬ እንዴት እቆርባለሁ? እናቴ ግንባሬን ዳሰሰችና ነጠላዋን ደርባልኝ ሄደች። ለእግዚአብሔር ብነግረውስ ብዬ አሰብሁ፤ እሱ ሰው አይደለም፤ መሐላዬ አይፈርስም ይሆናል። ግን ስሙ ከአፌ ከወጣ ትሞታለች ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ አፌን እንደ ቆራቢ በነጠላዬ ሸፈንሁና እንዲህ አልሁት፦

"ያቺን። ስሟን አልናገርም። አንተ ታውቃታለህ፤ ያቺን።"

ከዚህ ሌላ የምለው አልነበረኝም። ቅዳሴው እስኪያልቅ "ያቺን፣ ያቺን" ስል ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጸልያለሁ። ትምህርቴ ከአምስተኛ ክፍል ባያልፍም ውዳሴ ማርያም በቃሌ እደግማለሁ። ልጆቼ በታመሙ ቁጥር ረጅም ረጅም ጸሎት አደርሳለሁ። እንደዚያ ቀን ሁለመናዬን ሰጥቼ የጸለይሁት ጸሎት ግን ያለኝ አይመስለኝም።

አባቴ አመሻሽ ላይ ጫማው በጭቃ ተለውሶ መጣ። በሩን ሳይገባ "ወጥታለች። ነቅታ ውኃ ጠይቃለች" አለ። እናቴ እልል ልትል ጀምራ ጾም መሆኑ ትዝ ሲላት አፏን ያዘች። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ።

በሦስተኛው ቀን ሄደን አየናት። ኮሪደሩ በበረኪና ይሸታል። ቄስ አድማሱ ፊት ፊት ሄዱ። አንገቷ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ትራሱን ተደግፋለች፤ ፊቷ አንሷል። መስቀላቸውን ዘረጉና "ወለተ ሐና፣ እንዴት ሰነበትሽ?" አሏት።

ዓይኗ ከሳቸው ላይ ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። ከእናቴ ቀሚስ ጀርባ ተደበቅሁ። ከዚያ "አቤት፣ አባ" አለች በሰለለ ድምፅ። መስቀሉን ተሳለመች።

ቄሱ ወደ ሌሎቹ ሕሙማን ሲሄዱ፣ እናቴም ምሳ ዕቃውን ልታለቀልቅ ስትወጣ በእጇ ጠራችኝ።

"የማንን ሰጠሻቸው?"

"የኔን።"

"ታዲያ አንቺ ያለ ስም ቀረሽ?"

ይህን አላሰብሁትም ነበር። በእውነት የቀረሁ መስሎኝ ማልቀስ ጀመርሁ። እሷ ሳቀች፤ ሳቁ ስላመማት ፋሻውን በእጇ ደግፋ ያዘችው።

"አታልቅሺ። ያንቺን እኔ ይዤ ልሂድ። የኔን አንቺ ያዥልኝ።"

መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲጠባ በመርከቡ ተመለሰች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ አንገቷን ለነፋሱ ሰጥታ ነው የሄደች። እውነቱን ለእናቴ አልነገርናትም። እናቴም እስክትሞት ድረስ በየፍልሰታው ለካህኑ "ወለተ ሐና፣ ሁለቱም" እያለች ትሰጥልን ነበር።

ባለፈው ወር በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ይህን ሳወጣ ሳወርድ ዋልሁ። በዚያ ክረምት ለታመመች ሴት የተለመነው ልመና ሁሉ ጤነኛ ልጅ ላይ ወረደ፤ ለታመመችው የደረሳት ስም የሌለው የአንዲት ዋሾ ልጅ ልመና ነው። ሁለታችንም ዳንን። እኔ አራት ልጆች አሉኝ። ደንግጬ ስጣራ ስማቸውን አደባልቃለሁ፤ የትልቁን ስም ጠርቼ ትንሿን እፈልጋለሁ። የምትመጣው ግን ትንሿ ናት። ከድምፄ ያውቁታል። እኔ የወለድኋቸው እንዲህ ካወቁኝ፣ የፈጠረን እንዴት ሊጠፋበት ይችላል እላለሁ። ይህን ብዬ እጽናናለሁ። እናት ነኝና መጽናናቴ ግን ብዙ አይቆይም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመርከበኞቹ በኩል ሰላምታና የደረቀ ዓሣ ትልክልን ነበር። በኋላ መርከቡ መመላለሱን ተወ፤ እናቴና አባቴም ተከታትለው አረፉ። አንድ ሰው ማክሰኝት የእኅቷ ልጅ ዘንድ ገብታለች አለኝ፤ ሌላው ጎርጎራ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አየኋት አለኝ። ከዚያ ወዲህ ምንም አልሰማሁም። አሁን ሰባ ዓመት ያልፋታል።

በሕይወት ካለች ዝም ማለት አለብኝ፤ ቃሌ ነው። ሞታ ከሆነ ግን፣ ስሟን ጠይቀው የሚነግራቸው ሰው አጥተዋል፤ አለዚያም የኔን ሰጥታቸው በኔ ፈትተዋታል። የእሷን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን፤ እኔም ለካህን እስካሁን አልተናገርሁም። በየፍልሰታው "ያቺን" እላለሁ። ለሕያው የሚለመነውና ለሟች የሚለመነው ግን አንድ አይደለም፤ የትኛውን እንደምለምን አላውቅም።

ትርንጎ ትባላለች። ቀጭን ናት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ አትሸፍንም። አንገቷ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የቀዶ ጥገና ጠባሳ አላት። ጎርጎራ ወይም ማክሰኝት፣ ወይም በሐይቁ ዳር በየትኛውም ቦታ ያላችሁ፣ የምታውቋት ከሆነ፣ አለች ወይስ የለችም የሚለውን ብቻ ላኩልኝ።